ዳኛው ዜሮ ሲጽፍባችሁ፦ በሮቦት ውድድር ቅሬታ እንዴት ይቀርባል

ክርክሩን የቋጨችው የሳምቡሳ መጠቅለያ ወረቀት ናት። ሁለት ደቂቃ ከግማሹ አልቆ ሮቦታችን ቆሟል። ጥያቄው የክንዱ ጫፍ ሞዴሉን፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የሌጎ ግንባታ፣ ነክቷል ወይስ አልነካም ነው፤ በዚያ ሚሽን (ሮቦቱ ለነጥብ በሚሠራው ተግባር) ጨዋታው ሲያልቅ የቡድኑ ዕቃ ሞዴሉን ነክቶ ከተገኘ ነጥብ የለም። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየና «ነክቷል፤ ዜሮ» አለ። ተናጋሪያችን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። እጆቿን ወደኋላ አጣምራ እንደቆመች «ይቅርታ፣ ከላይ ሲታይ የነካ ይመስላል። ከጎን ዝቅ ብለው ቢያዩልን? ከፈለጉ ወረቀት በመሃል ያሳልፉበት» አለችና ያቺን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ዘይት ያልነካውን ጫፍ ይዞ ቀስ አድርጎ አስገባት። አለፈች። ዜሮውን ሰርዞ ነጥቡን ጻፈ። እኔ ከገመዱ ወዲያ ቆሜ ትንፋሼን ውጬ ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ሲተነፍስ የሮቦት ክበብ አለን። ልጆቹ የሚወዳደሩት በፈርስት ሌጎ ሊግ (ልጆች የሌጎ ሮቦት ሠርተው ጠረጴዛ ላይ በሚያስሮጡበት ውድድር) ደንብ ስለሆነ ከዚህ በታች የምለው በዋናነት የዚያ ነገር ነው፤ የሌሎቹንም በየቦታው አነሳለሁ። በዚህ ጉዳይ አሰልጣኝ ሆኜ ተሸንፌበታለሁ፤ በኋላ ደግሞ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለልምምድ ሲገናኙ ዳኛ ሆኜ ተሰድቤበታለሁ። ሁለቱም አስተምረውኛል።

መጀመሪያ የተሸነፍኩበትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ለውድድር ሄደን ነበር። ዳኛው ሮቦቱን ያለቦታው ነካችሁ ብሎ ቀጣን፤ እኔ ደግሞ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ «ቪዲዮ አለኝ!» እያልኩ መስመሩን ጥሼ ገባሁ። ዳኛው ቪዲዮ አናይም አለ። እኔና እሱ ስንጨቃጨቅ አንዱ ልጅ ደንግጦ ሮቦቱን ከጠረጴዛው አነሳው፤ ማስረጃው አብሮ ተነሳ ማለት ነው። ሌላው ልጅ ጨመረበት፦ «አቦ አንተ፣ አላየህም እንዴ?»

ድሬን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ጋ አባትም አንተ ነው፤ ሆጃ የምታፈላውም አሮጊት አንቺ ናት። ንቀት አይደለም፣ እንዲያውም አንቱታ ሲበዛ ሰው የተኮረፈ ይመስለዋል። ዳኛው ግን የድሬ ሰው አልነበረም። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ያን ቀን ትክክል የነበርን ይመስለኛል፣ አሁንም ድረስ ይቆጨኛል፤ ግን ትክክል መሆናችንን የሚያሳይ አንድም ነገር ጠረጴዛው ላይ አልቀረም ነበር።

«ገብቷል» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ

ቅሬታ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ደንቡ ሳይነበብ ሲቀር ነው። የሮቦት ጨዋታው በየዓመቱ ይለወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023–24 ርዕሱ ማስተርፒስ ነበር፣ በ2024–25 ሰብመርጅድ ሆነ፤ ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍም ሚሽኖቹም በየዓመቱ አዲስ ናቸው። ዓመቱ ከተጀመረ በኋላም አዘጋጆቹ ማሻሻያ እያወጡ ይለጥፋሉ። ማሻሻያውና የደንቡ መጽሐፍ ከተጋጩ የሚያሸንፈው ማሻሻያው ነው። የካቻምናውን ወረቀት ይዞ ከዳኛ ጋር የሚሟገት ቡድን አይቻለሁ። ያሳዝናል። ከውድድሩ በፊት ባለው ምሽት የመጨረሻውን ማሻሻያ አውርዱ፤ መብራት ከመሄዱ በፊት አትሙት።

ከዚያ ቃላቱ ላይ ተቀመጡ። ደንቡ «ሙሉ በሙሉ ውስጥ» እና «በከፊል ውስጥ» ብሎ ይለያል። የእኛ ልጆች ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ ይናገራሉ፤ ክበቡ ውስጥ የምንግባባው በአማርኛ ነው። አማርኛችን ደግሞ እዚህ ላይ ጉድ ይሠራናል። ዕቃው ጠርዙ ብቻ ቢገባም «ገብቷል»፣ ሙሉው ቢገባም «ገብቷል» እንላለን። ሁለት ልጆች ተመሳሳይ ነገር እያዩ፣ ተመሳሳይ ቃል እየተናገሩ፣ ግማሽ ሰዓት ሲጣሉ ሰምቼ ቃሉን ከክበቡ አገድኩት። «ገብቷል» ያለ ልጅ ምንጣፉን ይጠርጋል። «ሙሉው ገብቷል» ወይም «ከፊሉ ገብቷል» ነው የሚባለው። «ነክቷል» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ምን ምንን ነካ? ሮቦቱ ሞዴሉን? ሞዴሉ ምንጣፉን? ይባል።

መስመር ላይ ያረፈ ዕቃ ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። የነጥብ ክልሉን የሚከበው ቀጭን መስመር የክልሉ አካል እንደሆነ ደንቡ ይናገራል። ስለዚህ ዕቃው መስመሩ ላይ ቢያርፍም የመስመሩን የውጭ ጠርዝ እስካላለፈ ድረስ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ነው። ለልጆቼ ያስረዳሁት በኳስ ነው፤ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል መስመርም የክልሉ አካል ነው፣ ይህን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። የሚያስቸግረው አተያዩ ነው። ቁመት ያለውን ዕቃ ከጎን ሆናችሁ ካያችሁት አናቱ መስመሩን ያለፈ ይመስላል። ዓይናችሁን በትክክል ከጠርዙ በላይ አድርጉና ቁልቁል እዩ። ቤት ውስጥ በማስመሪያ ተለማመዱት፦ ማስመሪያውን በመስመሩ ውጭ ጠርዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ዕቃው ማስመሪያውን ከገፋው ወጥቷል። ውድድር ላይ ይህን የሚያደርገው ዳኛው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም፤ ግን መቶ ጊዜ የሠራ ልጅ በዓይኑ ይለየዋል።

ቅሬታው ስንት ነጥብ ያወጣል?

ይህን የሚያሰላ ቡድን ጥቂት ነው። ቶከኖቹን፣ ዳኛው ለቅጣት የሚወስዳቸውን ትንንሽ ቁርጥራጮች፣ እንውሰድ። ጨዋታው ሲጀመር ስድስት ናቸው። ሮቦቱ ከቤት ክልሉ (በእጅ መንካት ከሚፈቀድበት ቦታ) ውጭ ሳለ በእጅ ካቋረጣችሁት ዳኛው አንድ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ የቀሩት ይቆጠራሉ፦ 6 ወይም 5 ከቀሩ 50 ነጥብ፣ 4 ከቀሩ 35፣ 3 ከቀሩ 25፣ 2 ከቀሩ 15፣ 1 ከቀረ 10፣ ካለቁ ምንም።

አያችሁ? የመጀመሪያዋ ቶከን ብትወሰድም 50ው 50 ነው። ሁለተኛዋ ግን 15 ነጥብ ይዛ ትሄዳለች። እኔ አዲስ አበባ መስመር ጥሼ የጮህኩት በየትኛዋ ይመስላችኋል? በመጀመሪያዋ። ለዜሮ ነጥብ ነበር ያን ሁሉ ጉድ የሠራሁት። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከሙቀቱ ይልቅ ያላበኝ እሱ ነው።

ሌላም ሂሳብ አለ። ከሦስቱ ይፋዊ ጨዋታዎች የሚያዘው የተሻለው ውጤት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ 240 ካገኛችሁና በሁለተኛው 170 ላይ ሆናችሁ ለ20 ነጥብ የምትከራከሩ ከሆነ ጉልበታችሁን ለሦስተኛው አስቀምጡት። በዚያ ላይ የጠረጴዛው ነጥብ ከጠቅላላው ምዘና አራት እኩል ክፍሎች አንዱ ነው፤ የሮቦቱ ዲዛይን፣ የፈጠራ ፕሮጀክቱና የቡድኑ እሴቶች የቀሩት ሦስቱ ናቸው። ዳኞች በየጨዋታው የቡድኑን ጨዋነት 2፣ 3 ወይም 4 ብለው ይመዝናሉ፤ ይህም ወደ እሴቶቹ ክፍል ይደመራል። አጠገባቸው ቆማችሁ የምትናገሩበት መንገድ ራሱ ነጥብ ነው ማለት ነው።

ጠረጴዛው ዘንድ

ከመጀመራችሁ በፊት ያለችውን ጥቂት ጊዜ ለሞዴሎቹ ስጧት። ሁለት ልጆች፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ እያንዳንዱን ሞዴል በዓይናቸው ያዳርሱ። የተገለበጠ፣ የላላ፣ ያለቦታው የተቀመጠ ካለ አሁን ነው የሚነገረው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ «መጀመሪያውኑ ተበላሽቶ ነበር» ማለት ማንንም አያሳምንም፤ ዳኛ ሆኜ ስሰማው እኔንም አላሳመነኝም። የዕቃ ፍተሻውንም በዚሁ ጨርሱት። ዕቃችሁ ሁሉ በአንድ መነሻ ክልል ውስጥ ከተቀመጠና ከፍታው ከ305 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ 20 ነጥብ ነው፤ የሮቦት ጨዋታው ርካሹ 20 ነጥብ ይኸው ነው።

ማለቂያው ሲነገር፦ እጅ ወደኋላ። ሮቦቱ እየሄደ ከሆነ ወዲያው አቁሙትና ባለበት ተዉት። ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር አይቆጠርም፤ ዳኛው ፈቅዶ ጠረጴዛው እስኪስተካከል ድረስ ማንም ምንም አያነሳም። የምትከራከሩበት ማስረጃ ያ የቆመ ሜዳ ብቻ ነው። እኛ ልምምድ ላይ «አለቀ» ሲባል ሁሉም ልጅ የራሱን የእጅ አንጓ ከጀርባው ይይዛል። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ሳያስቡት ነው የሚያደርጉት።

ዳኛው ቅጹን ይዞ ሚሽን በሚሽን ከእናንተ ጋር ያየዋል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቡድኑ የተስማማበት ውጤት ይፋዊ ይሆናል፤ ከተስማማችሁ በኋላ ሻይ እየጠጣችሁ «እንዴ፣ ሦስተኛው ሚሽን እኮ...» ብትሉ ባቡሩ ሄዷል። ካልተስማማችሁ ዋናው ዳኛ ይጠራል፤ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

የሚናገረው አንድ ልጅ ነው። እኔ አይደለሁም፣ እናቱም አይደሉም፣ ስድስት ልጅ በአንድ ላይም አይደለም። በትልልቆቹ ውድድሮች ይህ በደንብ ተጽፏል። በፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር) ጥያቄ ያለው ቡድን አንድ ተማሪ ብቻ ልኮ መሬት ላይ በተሰመረ የጥያቄ ሳጥን ውስጥ ያቆመዋል፤ ዋናው ዳኛ ቪዲዮም ሆነ ፎቶ፣ ከማንም ቢመጣ አያይም። ቬክስ በሚባለው ሌላ የሮቦት ውድድርም ስለ ውሳኔው ከዳኛ ጋር የሚነጋገሩት ሮቦቱን ይዘው የቀረቡት ተማሪዎች ናቸው፣ አዋቂ አይገባም። እግር ኳሱ ቫር ስላለው ልጆቹ እዚህም ያለ ይመስላቸዋል። የለም። ስልካችሁን ለመታሰቢያ ቅረጹበት።

ተናጋሪ ስትመርጡ ጎበዙን ፕሮግራመር አትምረጡ። የእኛ ጎበዝ ልጅ ሲናደድ እንባው ይቀድመዋል። ያቺን የሰባተኛ ክፍል ልጅ የመረጥኳት ቀፊራ ገበያ ከእናቷ ጋር ስትውል ስላየኋት ነው። ዋጋ ስትከራከር ድምጿ አይጨምርም፤ ዝም ብላ ዕቃውን ታገላብጥና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

የምትለውም ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ የትኛው ሚሽን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ደንቡ ምን እንደሚል፣ ከዚያ አሁን ሜዳው ላይ የሚታየውን። «በዚህ ሚሽን ላይ ጥያቄ አለን። ደንቡ በከፊል ውስጥ ከሆነ ይበቃል ይላል፣ ገጹ ይኸው። ይህ ጠርዝ መስመሩን አልፏል፣ ከፊሉ ገብቷል፣ ከዚህ በኩል ቢያዩልን?» ይበቃል። «ሁልጊዜ እኛን»፣ «ለእነሱ ግን ሰጥታችኋል»፣ «ከሩቅ ስለመጣን ነው» የሚሉት እውነት ቢሆኑ እንኳ ነጥብ አያመጡም፤ ዳኛው ከዚያ በኋላ የሚያስበው ስለ ሮቦቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ክብር ነው። እና እርስዎ በሉ፤ ለሁለት ደቂቃ ነው፣ ድሬ ሳትደርሱ ወደ አንተ ትመለሳላችሁ።

በጣም የሚጠቅም አንድ ጥያቄ አለ፦ «እርግጠኛ ነዎት?» በለሰለሰ ድምፅ ከሆነ ስድብ አይደለም። ደንቡ ለማየት አስቸጋሪ የሆነ፣ ወዲህም ወዲያም ሊባል የሚችል ነገር ሲያጋጥም ዳኛው ለቡድኑ እንዲያደላ ያዛል። እርግጠኛ ያልሆነ ዳኛ ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንቡን ያስታውሳል። እርግጠኛ የሆነው ደግሞ «አዎ» ይላል፤ ያኔ «እናመሰግናለን» ብሎ መሄድ ነው። ግልጽ በሆነ ነገር ላይ ግን ይህን አትሞክሩት፤ ክንዱ ሞዴሉ ላይ ተኝቶ እያለ «እርግጠኛ ነዎት?» ማለት ቀልድ ነው።

ከዳኛው በኩል ሲታይ

ዳኛ የሆንኩባት ቀን በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛውን የሠራልን የሰፈር አናጢ ነው፤ የውስጡ ልክ 2362 በ1143 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት ስንለው «ለሁለት ሚሊ ሜትር ምን ታካብዳላችሁ» ብሎ ስቆብን ነበር። ከኋላዬ ወላጆች «ዳኛ ሌባ!» ይላሉ፤ ስታዲየም የለመዱት ነው። ፊት ለፊቴ ሁለት ቡድን። እኔ የምወስዳቸውን ቶከኖች ኪሴ እከት ነበር። ጨዋታው አልቆ «ሁለት ነው የወሰዱት» አለኝ አንድ ልጅ። እኔ ሦስት ጽፌአለሁ። ኪሴን ስፈትሽ አራት ወጣ፤ ለካ ከቀደመው ጨዋታ የቀሩም ነበሩበት። ሁለት ይሁን ሦስት እስከ ዛሬ አላውቅም። ለልጁ ሰጠሁት፤ ደንቡም እንደዚያ ይላል።

ከዚያ ወዲህ ዳኛ ስሆን የወሰድኩትን ቶከን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በረድፍ እደረድራለሁ፤ አሰልጣኝ ስሆን ደግሞ አንድ ልጅ ቶከን በተወሰደ ቁጥር በጣቱ እንዲቆጥርና ድምፁን ሳያሰማ ለተናጋሪዋ እንዲያሳይ አድርጌአለሁ። ዳኛ ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ኪሱ ግን ይሞላል።

ከዳኛው ጋር ምንም የማያገናኘውን ነገር ደግሞ ለይታችሁ እወቁ። ጠዋት የሠራው የቀለም ሴንሰር ከቀትር በኋላ በመስኮት በገባ ፀሐይ ከተሳሳተ ያ ቅሬታ አይደለም። ከጨዋታው በፊት ሴንሰሩን እዚያው ብርሃን ላይ አስተካክሉት፣ ሮቦቱ ላይም ጥላ ሥሩለት።

ለትልልቆቹ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። በፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን ጥፋት ብትሠሩ የሚደረገው ከእናንተ መቀነስ ሳይሆን ለተጋጣሚያችሁ መደመር ነው፤ ቢጫና ቀይ ካርድም አለ፣ ሁለተኛው ቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል። ስለዚህ እዚያ ስትከራከሩ ስለ ራሳችሁ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ተጋጣሚያችሁ ስለፈጸመው ጥፋትም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ብዙ ቡድን ይህን ይረሳል።

ዋናው ዳኛ ወስኖ ከተሸነፋችሁ አበቃ። አዘጋጅ ቢሮ መሄድ፣ «ሰው አለኝ» ብሎ ስልክ ማስደወል የለም። ይህን የምለው ያስደወለ አባት ስላየሁ ነው፤ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ነበር። ዳኛው ተሳስቶ ያላገኛችሁትን ነጥብ ሲጽፍላችሁም ተናጋሪው ያው ልጅ ነው። እኛ ክርክር ከሆነ በሁለቱም በኩል ነው ብለን ተስማምተናል፤ አንዴ እንዲህ ብለን 10 ነጥብ መልሰናል፣ ልጆቹ ለሦስት ቀን አላናገሩኝም።

ቅዳሜ ጠዋት

ይህ ሁሉ በልምምድ ነው የሚገባው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮቦቱን ካስሮጥን በኋላ ለግማሽ ሰዓት ክርክር ብቻ እንለማመዳለን። ዳኛው የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ናቸው። ለድሬዳዋ ከተማ ክለብ ስታዲየም ገብተው የማያውቁት ጨዋታ የለም፤ በዳኛ ላይ ያላቸው ብሶትም ከእኛ ይበልጣል። ሥራቸው ቀላል ነው፦ ምንም ቢያዩ «ዜሮ!» ማለት። እኔ ሆን ብዬ ዕቃዎቹን አጠራጣሪ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ አንዱን መስመሩ ላይ፣ አንዱን በጥፍር ርቀት፣ አንዱን ምንም ክርክር በሌለው ሁኔታ ውጭ። ልጆቹ የትኛው እንደሚያከራክር መለየት አለባቸው፤ ግልጽ በሆነው ላይ የተከራከረ ተናጋሪ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀየራል።

ሽማግሌው አይበገሩም። «ደንቡ እንዲህ ይላል» ሲሏቸው «ደንቡን እኔ ነኝ ያጻፍኩት» ይላሉ። ልጆቹ እየሳቁ፣ እየተናደዱ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ይጠይቋቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ክንዱን ከሞዴሉ በጣም አስጠግቼ አቆምኩት። ዜሮ ይላሉ ብለን ስንጠብቅ ተንበረከኩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደኋላ ዘርግተው፦

«እስቲ ያቺን ወረቀት አምጪ።»